ከበሮው እጃችን ሲገባ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ለሙያ ነው፤ ሌላው ሲሠራው ቀላልና ያማረ የመሰለን ነገር በገዛ እጃችን ሲገባ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማሳየት። በፊልም ሙዚቃና በኮምፒዩተር ጨዋታ ሙዚቃ መካከል ስላለው ልዩነት መናገር የሚፈልግ ሰውም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ሲኒማ ቤት ስንገባ ከበሮው በሰው እጅ ነው። ተዋናዩ በጨለማ ኮሪደር ውስጥ ሲራመድ የሙዚቃው ደራሲ በሩ በስንተኛው ሰከንድ እንደሚከፈት፣ ከበሩ ኋላም ማን እንደቆመ አስቀድሞ ያውቃል። ድምፁን የሚያንቀጠቅጥበትን፣ ከበሮውን የሚመታበትንና ጸጥ የሚልበትን ቅጽበት በሰዓት ለክቶ ያስቀምጣል። እኛም ወንበራችን ላይ ተደላድለን ደንግጡ ሲለን እንደነግጣለን፣ አልቅሱ ሲለን እናለቅሳለን። ግሪካዊው ቫንጀሊስ እ.ኤ.አ. በ1982 ለወጣው «ብሌድ ራነር» ለተሰኘው ፊልም በሲንተሳይዘር የሠራው ሙዚቃ የመጪውን ዘመን ከተማ በድምፅ የሳለ ድንቅ ሥራ ነው። ቫንጀሊስ ግን የደረሰው የተቀረጸውን ፊልም እያየ ነበር።

በጨዋታ ላይ ከበሮው በእኛ እጅ ይገባል። በሩን የምንከፍተው እኛ ነን። ልንከፍተው እንችላለን፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሩ ሥር ቆመን ልናዳምጥ እንችላለን፤ ሐሳባችንን ለውጠን በመስኮት ልንገባም እንችላለን። ሙዚቃውን የደረሰው ሰው ከዓመታት በፊት ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። የትኛውን እንደምንመርጥ አያውቅም። ታዲያ ለማያውቀው ድርጊት እንዴት አድርጎ ዜማ ያበጃል? ለዚህ ጥያቄ ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ አብልጬ የምወደው «ዴየስ ኤክስ» በተባለው ጨዋታ ውስጥ ያለውን ነው። የዛሬው ጽሑፌም ስለ እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ገጹን ለመገልበጥ የሚቸኩል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። «የልጆች መጫወቻ ደግሞ ምን ሂስ ያስፈልገዋል?» የሚል ይኖራል። በከተማችን ልጁን ከፕሌይስቴሽን ቤት እየጎተተ ያወጣ ወላጅ ይህን ቢል አልቀየመውም። ነገር ግን አዝማሪ ማለት ስድብ የነበረበት፣ ቴአትረኛ ቤት ለማከራየት ሰው የሚያመነታበት ዘመን በጣም ሩቅ አይደለም። አንድን ጥበብ የምንመዝነው ማን በየት ሆኖ እንደሚያየው ቆጥረን ከሆነ ሚዛኑ ከእጃችን ይወድቃል። በዚያ ላይ ጨዋታ የሚለው የኛ ቃል ከሌሎች ቋንቋዎች ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የተመቸ ነው። ጨዋታ ስንል ልጆች በኳስ የሚያደርጉትንም፣ አዋቂዎች ቡና ላይ ተቀምጠው በቃል የሚያደርጉትንም ማለታችን ነው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፤ የሰማው ደግሞ ተራውን ይመልሳል። «ዴየስ ኤክስ» ውስጥ በሙዚቃውና በተጫዋቹ መካከል ያለው ነገር በሁለቱም ትርጉም ጨዋታ ነው።

በቅድሚያ ጨዋታውን ለማያውቅ ጥቂት ልበል። «ዴየስ ኤክስ» አዮን ስቶርም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ በነበረው ቅርንጫፉ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ የዋለ ነው። ሥራውን የመራው ዋረን ስፔክተር ነበር። ስሙ የተቀነጨበው ከአንድ የላቲን ሐረግ ነው። በጥንት ግሪኮች ቴአትር የተወሳሰበውን ታሪክ ለመፍታት በማሽን ተንጠልጥሎ ከላይ የሚወርደውን አምላክ የሚመለከት ሐረግ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ2052 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። «ግራጫው ሞት» የተባለ ወረርሽኝ ሕዝቡን እየፈጀ ነው። በሽታውን የሚያስታግሰው አምብሮዥያ የተባለ መድኃኒት ጥቂት በመሆኑ የሚደርሰው ለባለሥልጣናትና ለባለጸጎች ነው። ድሃው ጎዳና ላይ ይሞታል። ተጫዋቹ ጄ.ሲ. ዴንተን የተባለውን፣ ሰውነቱ ውስጥ ጥቃቅን ማሽኖች የተቀበሩበትን ወኪል ሆኖ ይሠራል። አሠሪው በተባበሩት መንግሥታት ስም የተቋቋመ ኡናትኮ የሚባል የፀረ ሽብር ድርጅት ነው። ጨዋታው የሚጀምረው ኒውዮርክ ወደብ ላይ፣ የነፃነት ሐውልት ባለበት ደሴት ሲሆን የሐውልቱ ራስ በፈንጂ ተቆርጦ ወድቋል። ዴንተን ውሎ አድሮ የሚያገለግለው ወገን ከወረርሽኙ ጀርባ ካሉት ጋር እጅና ጓንት መሆኑን ይደርስበታል።

ለሙዚቃው ወሳኝ የሆነው ግን ሌላ ነገር ነው። ጨዋታው ተጫዋቹን ግደል ብሎ አያስገድድም። አንድን የተጠበቀ ሕንፃ በጥይት እየተታኮሱ መግባት ይቻላል፤ በአየር ማስገቢያ ቱቦ እየዳኹ፣ ቁልፍ እየከፈቱ፣ የኮምፒዩተር ምሥጢር ቃል እየሰረቁ፣ አለዚያም ሰው አነጋግሮ መንገድ እያስጠቆሙ መግባትም ይቻላል። ገና በመጀመሪያው ተልዕኮ ወንድሙ ፖል ያለ አስፈላጊነት ደም እንዳያፈስ ይመክረዋል። ስለዚህ ይህ ጨዋታ በአመዛኙ የመጠበቅ ጨዋታ ነው። ጨለማ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሎ የዘበኛውን እርምጃ መቁጠር፣ ፊቱን እስኪያዞር መታገሥ ነው። ለመጠበቅ የሚሆን ሙዚቃ መድረስ ደግሞ ለመሮጥ የሚሆን ከመድረስ ይልቅ ይከብዳል።

ሥራው በዋናነት የአሌክሳንደር ብራንደን ነው። መክፈቻውን፣ ያንን የዘመቻ መዝሙር የሚመስለውን ዜማ የደረሰው እርሱ ነው። የኡናትኮን ዋና መሥሪያ ቤትና በፓሪስ ያለውን የዱክሌር ቤት የመሳሰሉትን የደረሰው ሆላንዳዊው ሚኪል ቫን ደን ቦስ ነው። ዳን ጋርዶፔ የባሕር ኃይሉን ሰፈርና የቫንደንበርግን የአየር ኃይል ሰፈር ሙዚቃ ሠርቷል። ከዴቪድ ቦዊ ጋር በመጫወት የሚታወቀው ጊታሪስት ሪቭስ ጋብረልስም ለኒውዮርኩ ቡና ቤት አንድ ሥራ አበርክቷል። ብራንደንና ቫን ደን ቦስ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1998 ለወጣው «አንሪል» ለተሰኘው ጨዋታ አብረው ሠርተዋል።

እነዚህ ሰዎች ያደጉበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ትራከር የሚባሉ ፕሮግራሞች ነበሩ። የመጀመሪያው ካርስተን ኦባርስኪ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1987 አሚጋ ለተባለው ኮምፒዩተር ያወጣው ነው። በትራከር የሚሠራ ሰው ወረቀት ላይ ኖታ አይጽፍም፤ ስቱዲዮ ውስጥ ባንድም አያሰልፍም። አንዲት የባስ ድምፅ፣ አንዲት የከበሮ ምት፣ አንዲት አጭር የቫዮሊን ድምፅ ኮምፒዩተሩ ላይ ያስቀምጥና እነዚያኑ በቁጥርና በፊደል ትእዛዝ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይጠራቸዋል። ሙዚቃው ከግራ ወደ ቀኝ ሳይሆን እንደ ሒሳብ መዝገብ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ፋይሉ ውስጥ ያለው የተቀዳ ዘፈን ሳይሆን ጥቂት ድምፆችና የአጠራራቸው ዝርዝር ስለሆነ ቦታ አይፈጅም። ማኅደረ ትውስታ እንደ ወርቅ በሚቆጠርበት ዘመን የኮምፒዩተር ፍቅር ያደረባቸው ወጣቶች በየቤታቸው ሆነው ሥራቸውን በዲስክና በስልክ መስመር ይለዋወጡ ነበር። በ«ዴየስ ኤክስ» ውስጥ ያለው ሙዚቃ በሙሉ በዚህ ዘዴ የተሠራ ነው። የጋብረልስ ሥራ እንኳ ወደዚሁ የተለወጠው በብራንደን እጅ ነው።

ይህን የምዘረዝረው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ድህነቱ ለጥበቡ ጠቅሞታል ብዬ ስለማምን ነው። የተቀዳ ዘፈን እንደተጋገረ እንጀራ ነው፤ የሚቻለው መቁረስ ብቻ ነው። የትራከር ሙዚቃ ግን ገና ሊጥ ነው። ኮምፒዩተሩ በዚያችው ቅጽበት እየጋገረ ስለሚያቀርበው፣ በመካከሉ ወደ ሌላ ክፍል ዝለል ቢሉት ሊዘል ይችላል። የ«ዴየስ ኤክስ» ሠሪዎች የተጠቀሙት በዚህ ነው። ሐሳቡ ከእነርሱ አልጀመረም። ሉካስአርትስ በተባለው ኩባንያ ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል የተጫዋቹን ድርጊት እየተከተለ ሙዚቃውን የሚለውጥ ዘዴ ፈጥረው እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው «መንኪ አይላንድ 2» ላይ ሥራ ላይ አውለውታል። በ«ዴየስ ኤክስ» ግን ዘዴው ከጨዋታው ቁም ነገር ጋር ተዋሐደ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ለአንድ ቦታ የተደረሰው ሙዚቃ በአንድ ፋይል ውስጥ በክፍል በክፍል ተለያይቶ ተቀምጧል። አንደኛው የቦታው ድባብ ነው፤ ተጫዋቹ ሲራመድ፣ ሲደበቅ፣ ሲጠብቅ የሚሰማው። ሌላው ከሰው ጋር ሲነጋገር የሚመጣው ለስለስ ያለው ነው። ሌላው የውጊያው ነው። ሌላው ሲሞት፣ የመጨረሻው ደግሞ ከቦታው ወጥቶ ሲሄድ። ውጊያ ሲነሣ ድባቡ በፍጥነት ተቆርጦ ከበሮው ይገባል። ውጊያው ሲያበቃ ግን ወዲያው አይመለስም። አምስት ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፤ ከዚያም ቀስ እያለ እየከሰመ ለድባቡ ቦታ ይለቃል። ሲመለስም ሁልጊዜ ከመጀመሪያው አይጀምርም። ከበሮው ከመግባቱ በፊት የት ክፍል ላይ እንደነበረ አስታውሶ ወደዚያው ይመለሳል።

በወሬ ሲነገር ቀላል የሆነው ይህ ሥርዓት በጆሮ ሲሰማ የሰውን ልብ ጠባይ ይከተላል። ድንጋጤ ባንዴ ይገባል፣ የሚወጣው ግን በዝግታ ነው። ጠላቱ ከወደቀ በኋላ ያለችው አምስት ሰከንድ ከማናቸውም ክፍል ይልቅ እኔን ትነካኛለች። የሚዋጋ የለም፣ ከበሮው ግን ገና እየመታ ነው። ተጫዋቹ ከፊቱ የተዘረረውን ሰው እያየ ይቆማል። ከዚያ ከበሮው ይደክማል፣ ድባቡም ካቆመበት ይቀጥላል። ከተማው ነገሩን ሰምቶ ዝም ያለ ይመስላል።

የዚህን ጥቅም የሚረዳው ሳይታይ ለማለፍ የሚሞክር ተጫዋች ነው። የነፃነት ደሴት ላይ የማይቋረጥ የባስ ምት አለ፤ በላዩ ላይ የሲንተሳይዘሩ ቀዝቃዛ ድምፅ እንደ ወደብ ጭጋግ ተዘርግቷል። አንዱን ዘበኛ አልፎ፣ ሌላውን አልፎ ወደ ሐውልቱ የሚጠጋ ሰው ድባቡ አንድም ጊዜ ሳይሰበር ሲሰማው ይቆያል። ያ ያልተሰበረ ሙዚቃ የገዛ ሥራው ነው። ትዕግሥቱ ድምፅ ሆኖ ይሰማዋል። አንዲት ጠርሙስ ነክቶ ቢጥልና ዘበኛው ቢደርስበት ግን ከበሮው ይገባል። በብዙ ጨዋታዎች የውጊያ ሙዚቃ ሽልማት ነው፣ ጀግንነት ነው። እዚህ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጥንቃቄ የጎደለው ሰው ላይ እንደሚነገር ወሬ ነው።

ይህን ስል ሙዚቃው ይሰብካል ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ትልቁ ጨዋነቱ አለመስበኩ ነው። የኒውዮርክ አየር ማረፊያ ላይ በቆመ አውሮፕላን ውስጥ ዴንተን ሁዋን ሌበዴቭ የተባለውን የአማጽያን ሰው ያገኘዋል። ሰውየው እጁን ሰጥቷል። የዴንተን ባልደረባ አና ናቫር ግደለው ትለዋለች። ተጫዋቹ ሊገድለው፣ እንቢ ሊል ወይም መሣሪያውን ወደ ባልደረባው ሊያዞር ይችላል። የፊልም ደራሲ ቢሆን እዚህ ጋ የሐዘን ቫዮሊን አስገብቶ የትኛው ትክክል እንደሆነ በጆሯችን ይነግረን ነበር። እዚህ ያለው ሙዚቃ ግን ይጠብቃል። ሰውየው ተጨማሪ ቃል ይናገር ዘንድ ቦታ ይለቃል፤ ውሳኔው የእኛ ነው። የውጊያው ከበሮ የተዘጋጀው የሚዋጋ ጠላት ላለበት ሰዓት ነው፤ እጁን የሰጠ ሰው ላይ መተኮስ ደግሞ ውጊያ አይባልም። ይህ ሙዚቃ ዳኛ አይደለም፣ ምስክር ነው። ያደረግነውን መልሶ ያሰማናል እንጂ ምን እንደምናደርግ አይነግረንም።

ምስክርነቱ ሁልጊዜ ከጠብ ጋር የተያያዘ አይደለም። በባተሪ ፓርክ ጎዳና ላይ አንድ የተራበ ልጅ አለ። ምግብ ይለምናል። ተጫዋቹ ቆሞ ሲያነጋግረው የከተማው ድባብ ወደ ኋላ ይልና ለንግግር የተደረሰው ክፍል ይመጣል። ለሚኒስትርም ሆነ ለለማኝ የሚመጣው በዚሁ ሥርዓት ነው። ያቺ ለስላሳ ድምፅ አንድ ሰው ለሌላው ቆሞ ጆሮ መስጠቱን ታበስራለች። በዚያ የሚያስነጥስ፣ የሚሞት፣ የሚተኩስ ከተማ ውስጥ ቆሞ መነጋገር የራሱ ዜማ ያለው ድርጊት መሆኑ ትልቅ ነገር ይመስለኛል።

የቫን ደን ቦስ የኡናትኮ መሥሪያ ቤት ሙዚቃም በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። የተስተካከለ፣ ሥርዓት ያለው፣ በራሱ የሚተማመን ዜማ ነው። ከጎዳናው ጨለማ ወጥቶ ወደዚያ የሚገባ ተጫዋች ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል። ጸሐፊዋ አለች፣ አለቃው አለ፣ ቡና የሚጠጣ ባልደረባ አለ። ሙዚቃው ይህን ቢሮ እመኑት ይላል። ዴንተን እውነቱን ካወቀ በኋላ ወደዚያው ሲመለስ ግን የሚጠብቀው ሌላ ሙዚቃ ነው። ኮሪደሩ ያው ነው፣ ጠረጴዛዎቹ ያው ናቸው፤ ጆሮ ግን እዚህ እንግዳ ነህ ይለዋል። መሥሪያ ቤቱን ያመነ ሰው መሥሪያ ቤቱ ሲከዳው የሚሰማውን ነገር በዚህ ያህል ቁጠባ የገለጸ የስክሪን ሙዚቃ ብዙ አላውቅም።

ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሆነው የዱክሌር ቤት ነው። ፓሪስ ላይ ዴንተን ኒኮሌት ዱክሌር የምትባል ወጣት አግኝቶ ወደ ሟች እናቷ ቤት አብሯት ይሄዳል። ቤቱ ትልቅና ባዶ ነው። ዘበኛ የለም፤ በደረጃው ላይ የሚጮኽ ኮቴ የራስ ብቻ ነው። ልጅቱ ክፍል ለክፍል እየመራች ስለ እናቷ ታወራለች። ሙዚቃው ዝግ ያለ፣ ያረጀ ሳሎን የሚሸት ሐዘን ነው። ስለ መጪው ዘመን በሚያወራ ጨዋታ መሐል ያለፈው ዘመን ተከስቶ ይቀመጣል። እዚያ ቤት ውስጥ ምንም የሚያስቸኩል ነገር ስለሌለ ሙዚቃውን ለመስማት ብቻ ብዬ ወለሉ ላይ ቆሜ የቆየሁበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ሙዚቃ የሰማሁት ከባዱ ተቃውሞ የመጣው ከአንድ ባለሙያ ነው። በሠርግና በምሽት ክበብ ለረጅም ዓመታት ኪቦርድ ሲጫወቱ የኖሩ አንድ የማከብራቸው ሰው አሉ። የጆሮ ማዳመጫውን ሰጥቻቸው አንዱን ድባብ እስከ መጨረሻው ሰሙና እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ ልጅ፣ መግቢያው ጥሩ ነው። ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ጋሼ፣ ዘፋኙ እኮ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ሳቁ፤ አላመኑኝም።

አባባላቸው ግን ትክክለኛ ጆሮ ያለው ሰው አባባል ነው። በእርግጥም መግቢያ ነው። ዘፋኙ ወደ መድረክ እስኪወጣ ባንዱ እያዞረ የሚጫወተውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያም የሚቀርበን ምሳሌ አዝማሪ ቤት ነው። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ አንዲት ሐረግ ይደጋግማል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ እስኪሰጠው ይጠብቃል። ስንኙ ሙገሳ ይሁን ስድብ፣ ሐዘን ይሁን ቀልድ አስቀድሞ አያውቅም። ሲሰጠው ግን ይቀበላል፤ ቃናውን ለስንኙ ያስማማል፤ ሲጨርስም ወደዚያችው ተደጋጋሚ ሐረግ ይመለሳል። ማንም አዝማሪው ያቺን ሐረግ ደጋገማት ብሎ አይወቅሰውም። ሐረጓ በር ናት፤ የሚገባባት ሌላ ሰው ነው። የ«ዴየስ ኤክስ» ድባብም እንዲሁ ነው። ቴክሳስ ላይ የሠሩት ሰዎች መሰንቆ ሰምተው አያውቁ ይሆናል፤ የገጠማቸው ችግር ግን የአዝማሪው ችግር ነው። የደረሱበትም መፍትሔ ከእርሱ የራቀ አይደለም።

ሌላው የተለመደ ወቀሳ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ነፍስ የለውም የሚለው ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምሮ ብቻውን የቀዳው ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም የብዙ አገር ሰው ሰምቶ ተደንቆበታል። ማሽኑ ነፍስ ያጣው የሚያናግረው ሰው ነፍስ ሲጎድለው ነው።

እንከኖቹን ሳልጠቅስ ባልፍ ሂሱ ሙገሳ ብቻ ይሆናል። የውጊያ ክፍሎቹ ከድባቦቹ ጋር እኩል አይደሉም። በአብዛኛው ፈጣን ከበሮና የሚጋልብ ባስ ናቸው፤ የአንዱን ቦታ ውጊያ ከሌላው ለመለየት የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። ድባቡን ለሠራ ጆሮ የማይመጥን ችኮላ ይሰማባቸዋል። ሁለተኛ፣ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰዓት የቆየ ተጫዋች የሙዚቃውን መዞሪያ ያውቀዋል፤ ያወቁት መዞሪያ ደግሞ ድባብነቱን ያጣል። ሦስተኛ፣ የቫዮሊኑና የነፋስ መሣሪያው ድምፅ የዘመኑን ማሽን ዕድሜ ያሳብቃል። ይህን ሦስተኛውን ግን እንደ ጉድለት ብቻ አላየውም። ስለ 2052 በ2000 የተሠራ ሙዚቃ ዛሬ ሲሰማ ሁለት ዘመን ይሸታል፤ ያልመጣውን ዘመንና ያለፈውን። ያ የሻገተ መጪ ዘመን ለዚያ ታሪክ ይስማማዋል።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2001 እንደገና ሲታተም ሙዚቃው በሲዲ ተቀድቶ አብሮ ወጥቶ ነበር። ሲዲውን ማዳመጥ ደስ ይላል፤ ሌሊት ለሚሠራ ሰው ጥሩ ጓደኛ ነው። ነገር ግን ሲዲው ላይ ያለው ሙዚቃ ከበሮው እንደገና በሰው እጅ የገባ ነው። መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ ሌላ ሰው ወስኖለታል። ያቺ የአምስት ሰከንድ ጥበቃ የለችም። ያለ ጠብ ያለፍነውን ሌሊት የሚመሰክርልን፣ በችኮላ ያበላሸነውን የሚያሳጣን ነገር የለም። የሚቀረው ውብ መግቢያ ነው። የኪቦርድ ተጫዋቹ ጥያቄ ትክክል የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የሚያማምሩ የጨዋታ ሙዚቃዎች ተሠርተዋል። በሙሉ ኦርኬስትራ የተቀዱ አሉ፤ በኮንሰርት አዳራሽ ትኬት ተቆርጦላቸው የሚሰሙም አሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ፊልም መሆን የሚመኙ ናቸው። ተጫዋቹን ጀግና ነህ እያሉ ያሞግሱታል፤ ለእያንዳንዱ እርምጃው መለከት ይነፉለታል። ለማይረባ ድርጊት እንኳ ትልቅ ከበሮ ሲመታለት የኖረ ጆሮ የገዛ ሥራውን መመዘን ያቅተዋል። ብራንደንና ጓደኞቹ በጥቂት ድምፅና በጠባብ ማኅደረ ትውስታ የሠሩት ሥራ ከዚህ የተለየ አክብሮት ለተጫዋቹ ሰጥቶታል። ሲጠብቅ አብሮት ይጠብቃል፣ ሲናገር ቦታ ይለቅለታል፣ ሲገድል ድምፁን አይደብቅለትም። የኮምፒዩተር ጨዋታ ከፊልም የተለየ የራሱ ሙዚቃ ሊኖረው ይችላል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው እኔ የማቀርበው ማስረጃ ይህ ነው። ማዳመጫውን አድርጎ፣ መብራቱን ቀንሶ፣ ነፃነት ደሴት ላይ ይውረድና ለጥቂት ደቂቃ ምንም ሳያደርግ ይቁም። ሙዚቃው አይቸኩልም።